ፍላሚንጎው አለ፤ ዓሣ በሉ ንስርስ?

ጥያቄ፦ «በገና ሰሞን ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር አብያታ-ሻላ ፓርክ ሄደን ነበር። አብያታ ዳር ፍላሚንጎዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ሩቅ። አስጎብኚያችን ጭቱ ወደምትባለው ትንሽ ሐይቅ ሲወስደን ግን የውኃው ዳር ዙሪያውን ሮዝ ሆኖ አገኘነው። በመሃላቸው ግራጫ የሆኑም ነበሩ። ልጄ ‹ታመው ነው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ሻላ ላይ ደግሞ ትልልቅ ነጭ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሰማይ ላይ ሲዞሩ አየን። ፔሊካን ናቸው ተባልን። ሻላ ውስጥ ዓሣ የለም እየተባለ ፔሊካን እዚያ ምን ይሠራል? እኔ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሆኜ ስሄድ አብያታ ላይ ዓሣ ይጠመድ ነበር። ዛሬም ፍላሚንጎ መኖሩ ሐይቁ ደህና ነው ማለት ነው? ልጄ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ልኬያለሁ። ቀጥሎስ የት ልውሰዳት?»

ምላሽ፦

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ልጅዎ ጎበዝ ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ከዚያም በላይ ወፉ ሲበላ ጠብቃ ነው ያነሳችው። ብዙ ሰው ካሜራ የሚያወጣው ወፉ ብድግ ሲል ነው። ወፍ ማንነቱን የሚናገረው ግን ሲበላ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። «የፍላሚንጎ ጫጩት» ብላ የጻፈችበት ፎቶ ፍላሚንጎ አይደለም። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። እግሩ እንደ ስንደዶ የቀጠነ ቀይ ነው። ምንቃሩ ደግሞ እንደ ወስፌ ቀጥ ያለ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ብላክ ዊንግድ ስቲልት ነው፤ እኔ ለልጆች ሳስረዳ «ባለ ስንደዶ እግሩ» እለዋለሁ። ስህተቷ ግን የሚያሳፍር አይደለም። ከአካሉ አንጻር እግሩ በመርዘም ይህን ወፍ የሚበልጠው ፍላሚንጎ ብቻ ነው። ከፍላሚንጎ ጎን ቆሞ ሲታይ ልጁ ቢመስላት ምን ይገርማል? ቁርጡ የሚለየው በምንቃሩ ነው። ፍላሚንጎ ሲፈለፈል ምንቃሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲያድግ ግን ይቆለመማል። ውኃ ውስጥ ገብቶ ለብቻው የሚበላ ፍላሚንጎ ሁሉ ምንቃሩ ጎባጣ ነው።

አሁን ወደ ፍላሚንጎዎቹ። እርስዎ አንድ ዓይነት ወፍ ሁለት ቦታ ያዩ መስሎዎታል። ያዩት ሁለት ዓይነት ነው። አብያታ ዳር ሩቅ የነበሩት በፎቶው ላይ ነጣ ያሉ፣ አንገታቸው የረዘመ፣ ጭንቅላታቸውን እስከ ዓይናቸው ውኃ ውስጥ የነከሩ ናቸው። እነዚህ ትልቁ ፍላሚንጎ ናቸው። ጭቱ ላይ ያሉት አጠር ብለው፣ ደመቅ ብለው፣ ምንቃራቸው ከሩቅ ሲታይ ጥቁር የሚመስል ጥቁር ቀይ ነው። እነሱ ትንሹ ፍላሚንጎ ናቸው። ቁመታቸው 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ትልቁ ግን ሜትር ተኩል የሚደርስ አለው።

ቁመት ብቻ ከሆነ ማን ግድ ይሰጠዋል? ግድ የሚሰጠው የሚበሉት ነገር ነው። ትልቁ ፍላሚንጎ ጭቃ ፈላጊ ነው። በእግሩ እየረገጠ ጭቃውን ያደፈርሳል፤ ከዚያ የትንኝ ዕጭና ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን ያጣራል። ትንሹ ጭቃ አይነካም። ምንቃሩን ገልብጦ የውኃውን የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጠርገው። ልጅዎ ከቅርብ ያነሳችውን ፎቶ አጉልተው ይዩት። የወፉ አናት ወደ ታች፣ ምንቃሩ ወደ ራሱ እግር ዞሯል። ሰው ወገቡን አጥፎ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ እንደሚያይ ማለት ነው። ምላሱ ውስጥ ውስጡን እንደ ፓምፕ ይሠራል፤ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ውኃ ያስገባል፣ ያስወጣል። የምንቃሩ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክሮች አሉት። ወንፊት ነው በቃ። ያውም እንደ ሻሽ የጠበቀ።

በዚያ ወንፊት የሚቀረው ምንድን ነው? ጭቱን ከላይ ከጠርዙ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ውኃው አረንጓዴ አልነበረም? የሚሞቅ የጎመን ውኃ ይመስላል። ያ አረንጓዴ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረት ነው፤ ከተማ ውስጥ በእንክብል የሚሸጠው የስፒሩሊና ዘመድ። ሶዳ (ውኃውን የሚያመርር ጨው መሰል ማዕድን) የበዛበት ሙቅ ውኃ ይወዳል። ሌላው ሁሉ በሚሞትበት ውኃ ውስጥ እሱ ይፋፋል። ትንሹ ፍላሚንጎ እሱን ተከትሎ ነው የሚኖረው። ሮዝ የሚያደርገውም እሱ ነው። ካሮትን ካሮት ያስባለው ቀለም ቤተሰብ የሆነ ነገር በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ተደብቋል። ወፉ ከበላው በኋላ ወደ ላባው ይወጣል። በአጥር ውስጥ ተይዞ ይህን ቀለም የማያገኝ ፍላሚንጎ ላባ በቀየረ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል።

ስለዚህ የልጅዎ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። አልታመሙም። ልጆች ናቸው። ፍላሚንጎ ግራጫ ሆኖ ነው የሚያድገው፤ ሙሉ ሮዝ ለመሆን ሦስት አራት ዓመት ይፈጅበታል። አለባበሱን ገና አልጨረሰም በሏት።

ግን የእነዚያ ግራጫ ልጆች መምጫ ነው የሚገርመኝ። በምሥራቅ አፍሪካ ትንሹ ፍላሚንጎ በብዛትና በተደጋጋሚ የሚፈለፍለው አንድ ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ታንዛኒያ ውስጥ ናትሮን በሚባል ሐይቅ። እዚያ ከጭቃ ትንሽ ጉልላት ይሠራሉ፤ አናቷ ላይ አንድ እንቁላል። ውኃው የሚለበልብ ሶዳ ስለሆነ ጅብም ቀበሮም አይሻገረውም። ጭቱ ላይ ያያችሁት ግራጫ እዚያ ተፈልፍሎ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በሯል ማለት ነው፤ ይህ ካልሆነ ሌላ መምጫው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብደኛል። ጉዞአቸውም በሌሊት ነው። ማታ ሐይቅ ሙሉ ያዩት መንጋ ጠዋት ባዶ ውኃ ትቶልዎት ሊሄድ ይችላል። በዚህ ምክንያት «ባለፈው ሳምንት ነበሩ፣ አሁን የሉም፣ ምን ሆኑ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ ብዙም አልደነግጥም። ፍላሚንጎ ዘላን ነው። አረንጓዴው ሲሳሳ ይነሳል።

ወደ ፔሊካኖቹ ልለፍ፤ እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ሻላ ውስጥ ዓሣ ጭራሽ የለም ከማለት ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለም ማለት ይሻላል። ሐይቁ የፈረሰ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ሲሆን በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ውኃው ሶዳ ነው። ታዲያ ፔሊካን ምን ሊሠራ? ሊወልድ። በሻላ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በአፍሪካ ከታወቁት የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች ውስጥ ይቆጠራል። ፔሊካን ጎጆውን መሬት ላይ ነው የሚሠራው። መሬት ላይ ላለ እንቁላል ደግሞ ጅብ አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ውሻ አለ፣ ሰው አለ። ዙሪያውን በጥልቅ ውኃ የታጠረ ደሴት የት ይገኛል?

ዓሣውስ? ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሻላና አብያታ ጎረቤት ናቸው፤ መሃላቸው ፊቄ ተራራ ያለበት ቀጭን መሬት ብቻ ነው። ፔሊካኑ ጠዋት ይነሳል፣ ያችን ጠባብ መሬት ተሻግሮ አብያታ ይወርዳል፣ ጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት ሞልቶ ወደ ጫጩቱ ይመለሳል። እርስዎ ተማሪ ሳሉ አብያታ ላይ የተጠመደው ቆሮሶ እኮ የእነዚያ ጫጩቶች ቀለብ ነበር። ማጀቱ ሻላ፣ ገበያው ከአጥር ማዶ።

አሁን ገበያው ተዘጋ። ማጀቱን ግን ሊያዛውረው አይችልም። ስለዚህ ወደ ሰሜን ዝዋይ፣ ወደ ደቡብ ሐዋሳ ይሄዳል። ሁለቱም ከደሴቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ከዚያ መመለስም አለ። ወንዱ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ወፍ ይህን መንገድ ክንፉን እያርገበገበ ቢሄድ ይዞት የሚመጣው ዓሣ ለጉልበቱ እንኳ አይበቃም። እናንተ ያያችሁት ዙረት የዚህ መፍትሔ ነው። ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ መሬቱ ሲግል የሞቀ አየር እንደ ዓምድ ወደ ላይ ይወጣል። ፔሊካኑ እዚያ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። አየሩ ያነሳዋል። በደንብ ከፍ ሲል ወደሚፈልገው አቅጣጫ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል ሌላ ዓምድ ይፈልጋል። ነዳጅ የማይጨርስ ጉዞ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ፊቄ ላይ ተቀምጬ አንድ መንጋ ስቆጥር ያየሁት ነገር አለ። አርባ የሚሆኑ ነበሩ። ሲዞሩ ሁሉም ወደ ፀሐይ በዞሩበት ቅጽበት ነጭ ሆነው ያበራሉ፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ የክንፋቸው ጠርዝ ጥቁር ስለሆነ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ። በርቷል፣ ጠፍቷል፣ በርቷል። አብረውኝ የነበሩት የፓርኩ ጠባቂ «ዝዋይ ሊሄዱ ነው» አሉኝ። እውነትም ወደ ሰሜን ተንሸራተቱ። አብያታን ከላይ አልፈውት ሄዱ። ቁልቁልም አላዩትም።

ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንዱ ጫጩት ነው። ይህ ድሮም ያለ ነገር ነው። መንገዱ ሲረዝም ግን ለደካማው ጫጩት የሚቀረው ዕድል ይበልጥ ይጠባል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፤ ፍላሚንጎ ካለ ሐይቁ ደህና ነው? እኔ እንዲህ አልልም። ምክንያቴን ላስረዳ።

አብያታ መውጫ የለውም። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ የተረፈውን ያመጣለታል፤ ሆራቀሎ ደግሞ ከላንጋኖ። የገባው ውኃ መሄጃው ፀሐይ ብቻ ናት። ውኃው በተነነ ቁጥር ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። እሳት ላይ የተረሳ ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። የሚገባው ውኃ እስካልቀነሰ ድረስ ሚዛኑ ይጠበቃል። ችግሩ ከላይ ነው። ዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻው፣ የአበባው ድንኳን፣ የከተማው የመጠጥ ውኃ ሁሉም ከዚያው ይቀዳል። ቡልቡላም መንገድ ላይ በየፓምፑ ይጠባል። ከአብያታ ዳር ያለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ራሱ ውኃ እየሳበ ገንዳ ላይ አድርቋል። ዝናብ የሚያጥርባቸው ዓመታት ደግሞ አሉ። አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ይቀላል፤ እኔ ግን በዋናነት ጣቴን የምቀስረው ወደ ላይኛው ውኃ ነው። ገንቦው ሳይሞላ ብርጭቆው አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ። ሻላ ጋን ነው፤ አብያታ ምጣድ። ከጋን ላይ አንድ ጣት ውኃ ቢቀንሱ ዳሩ ያው ነው። ከምጣድ ላይ አንድ ጣት ቢቀንሱ ግማሹ ምጣድ ይታያል። አብያታ ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው በኪሎ ሜትር ይሸሻል። እርስዎ በተማሪነትዎ እግርዎን የነከሩበት ቦታ ዛሬ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ሜዳ ሆኗል፤ ከብት ያልፍበታል፣ አቧራው ይቦናል። ከ50 ዓመት ወዲህ ሐይቁ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ሲታሰብ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነበር። የተቋቋመውም በዋናነት ለውኃ ወፎች ሲባል ነው።

ሶዳው እየበረታ ሲሄድ መጀመሪያ የሄደው ዓሣው ነው። ዓሣው ሲሄድ ፔሊካኑ አልፎ መሄድ ጀመረ። ቁራ መስሎ የሚጠልቀው ኮርሞራንት ቀነሰ። ከዚያ ዓሣ በሉ ንስር። ነጭ ራስ፣ ቡናማ ሆድ፣ ሲጮህ አናቱን ወደ ኋላ የሚወረውረው። በድሮ ጊዜ በአብያታ ዳር ግራር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም፤ ባያዩት እንኳ ሰምተውታል፣ ያ ጩኸት አይረሳም። ዘንድሮ ከላኩልኝ ሰባ ያህል ፎቶዎች ውስጥ ከአብያታ የመጣ አንድ ንስር የለም። ያለው አንድ ሲሆን እሱም ላንጋኖ ዳር የተነሳ ነው፤ ምክንያቱም ላንጋኖ አሁንም ዓሣ አለው።

ፍላሚንጎ ግን ለሶዳ የተሠራ ወፍ ነው። ሐይቅ ሲከፋ እሱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚወጣው። እንዲያውም ለተወሰነ ጊዜ ሊበዛ ይችላል። «ፍላሚንጎ አለ» ማለት «ውኃው ሶዳ ነው» ማለት ነው እንጂ «ውኃው በቂ ነው» ማለት አይደለም። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ሶዳው ከልክ ሲያልፍ ያ አረንጓዴም ይጠፋል፤ ትንሹ ፍላሚንጎ ምግብ ፍለጋ ወደ ጭቱ ዓይነት ቦታ ይሰበሰባል። ጭቱ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በእግር ዙሪያውን ይዞሩታል። አንድ ሕዝብ አንድ ጓዳ ውስጥ ሲታጨቅ ከውጭ ለሚያይ ያምራል። እናንተም ያያችሁት ውበት ከፊሉ እንዲህ ያለ ነው። ደስታችሁን ልቀማችሁ ብዬ አይደለም፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር አፌን ከፍቼ ነው የማየው።

ከቀሩት ፎቶዎች ሁለቱን ሳላነሳ አላልፍም። አብያታ ዳር እየሮጠች ጭቃ የምትለቅም ድንቢጥ የምታክል ግራጫ ወፍ አለች። ብዙ ሰው ከቁጥር አያስገባትም። ሊትል ስቲንት ትባላለች። ክብደቷ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። የምትራባው ከሰሜን ኖርዌይ እስከ ሳይቤሪያ ባለው የበረዶ ሜዳ ላይ ነው። መስከረም አካባቢ ትመጣለች፣ ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች፤ በየዓመቱ። ሌላው በመንጋ የሚዋኘው ዳክዬ ነው፤ ምንቃሩ እንደ አካፋ ጫፉ ሰፍቷል። ሾቨለር ነው፤ ትርጉሙም አካፋ ያዥ እንደማለት ነው። እሱም የክረምት ብርድ ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ እንግዳ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዓሣ አይፈልጉም፤ ረግረጉ ጭቃና ጥቃቅን ነፍሳት እስካሉት ድረስ ይመጣሉ። አብያታ አለቀለት ለሚሉኝ ሰዎች እነሱን ነው የማሳየው። ገና ብዙ ሊተርፍ የሚችል ነገር አለ።

ስለ ሰጎኖቹና ስለ ሚዳቋዎቹ ብዙ አልልም። በር ላይ ያያችሁት አጥር ውስጥ ያሉትን ነው። ጥቁሩ ሰጎን ወንድ፣ ግራጫማዋ ሴት ናት። ሚዳቋው የግራንት ሚዳቋ ይባላል። ከአጥሩ ውጭ ግራሩ ለከሰል ተቆርጧል፣ ከብትና ሰው ገብቷል፤ ስለዚህ በነፃነት የሚዘዋወር ትልቅ እንስሳ ማየት ዕድል ይጠይቃል። ከርከሮ ግን የትም አይጠፋም። እሱ ሰው አይፈራም፣ ካሜራም አይፈራም።

አንድ ቅሬታ ልናገር። በቪዲዮአችሁ ላይ አንድ ልጅ እየሮጠ ፍላሚንጎዎቹን ሲያስነሳ ይታያል። ከኋላ «አስነሳቸው፣ አስነሳቸው» የሚል የትልቅ ሰው ድምፅ አለ። የእናንተ አለመሆኑ ደስ ብሎኛል። ትንሽ ብር ለልጆች ሰጥቶ መንጋ ማስበረር ፋሽን ሆኗል። ፍላሚንጎ ሆዱን ለመሙላት የቀኑን ብዙ ሰዓት ማጣራት አለበት። በተነሳ ቁጥር ይከስራል። ሮዝ ክንፍ ማየት ከፈለጉ ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ጨዋማ ውኃ ውስጥ ስለሚበላ ንጹሕ ውኃ መጠጣትና መታጠብ አለበት፤ ለዚያ ሐይቁ ዳር ወዳሉት ምንጮች በራሱ ጊዜ ይበራል። ጭቱ ላይ ከምንጩ ራቅ ብለው ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ወረፋ ይዘው ሲታጠቡ ያያሉ። ክንፍ እንደ ልብ።

ሌላው፣ መኪና ነጩ ሜዳ ላይ አይንዱ። ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥር ጭቃ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሞኝነት ይዞኝ ገብቼ ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት በበሬ ስጎተት ነው የዋልኩት። በእግር ሂዱ፤ የፓርኩን ጠባቂ ይዛችሁ።

ልጅዎ ስንት ፍላሚንጎ እንዳየች ለመጻፍ ስትሞክር «ብዙ» ብላ አቁማለች። ይህንን ዘዴ ያስተምሯት። መጀመሪያ አሥር ወፍ አንድ በአንድ ትቁጠር። አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይኗ ትያዘው። ያን አሥር ጊዜ ስታስቀጥል መቶ ነው። ከዚያ መቶውን በአውራ ጣቷ ትለካ፤ እጇን ዘርግታ መንጋውን በአውራ ጣት ትሸፍን። ስንት አውራ ጣት ሆነ? በየጥር ወር የውኃ ወፎች ቆጠራ ሲካሄድ ባለሙያውም የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ትጻፍ። ኢበርድ የሚባለው ያዩትን ወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ብታስገባው ደግሞ ለሌላም ይጠቅማል። ዘንድሮ ያላየችውን ጭምር ብትጽፍ እወዳለሁ፤ «አብያታ፣ ዓሣ በል ንስር፣ ዜሮ»። ዜሮ ራሱ መረጃ ነው።

ቀጥሎ የት ልውሰዳት ላሉት፣ ዝዋይ ይውሰዷት። ከአዲስ አበባም ይቀርባል። በጠዋት ሂዱ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን አስጠግተው ዓሣ ወደሚበልቱበት የድንጋይ መውጫ። እዚያ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን አንገቱን ቀብሮ እንደ ሽማግሌ ቆሞ አንጀት ይጠብቃል። ዓሣ በል ንስርም ከግራሩ ላይ ይጮህላታል። ፔሊካኖቹ ደግሞ ውኃው ላይ ናቸው፤ ጀልባው ሥር ድረስ ይመጣሉ፣ ዓሣ አጣቢው የወረወረውን በከረጢታቸው ይቀልቡታል። በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆና የምንቃሩን ጫፍ መንጠቆ ማየት ትችላለች። ከ4 ሰዓት በኋላ ዓይኗን ከእነሱ እንዳታነሳ ይንገሯት። ከመካከላቸው አንዱ ከረጢቱን ሞልቶ ይነሳል፣ ሙቅ አየር እስኪያገኝ በከባዱ ያርገበግባል፣ ከዚያ መዞር ይጀምራል። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ወዴት እንደሚሄድ እሷ ራሷ ትነግርዎታለች።